«አዲሱን ከስቶር ላስመጣልህ» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ

አሁን ከተክለሃይማኖት ባዶ እጄን መመለሴ ነው። ምሳ አልበላሁም፤ ቢቀርብልኝም አይወርድልኝም። 13 ሺህ ብር ተበልቼ፣ በዚያ ላይ በልጆች ተስቆብኝ ነው የመጣሁት። እንጨት ሥራ ላይ ያላችሁ፣ በተለይ በዚህ ሰሞን የሚስማር ሽጉጥ (በአየር ግፊት ሚስማር የሚመታውን መሣሪያ) ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ አንብቡት።

የድሮው ሽጉጤ ስድስት ዓመት አገልግሎኝ ባለፈው ወር ፒስተኑ አለቀ። የያዝኩት ሥራ ሰሚት ያለ አንድ ቪላ ነው፤ የ11 በር ክፈፍና የሦስት ክፍል ዞኮሎ፣ ማለትም የግድግዳ ግርጌ እንጨት። ክፈፉ በሙሉ ዋንዛ ነው። በመዶሻ አይሠራም አልልም፣ እኔም ሙያውን የተማርኩት በመዶሻ ነው። ግን ቀጭን ክፈፍ ጫፉ ላይ ሚስማር ሲመቱበት ይሰነጠቃል፤ መዶሻው አንዴ ከሳተ ደግሞ ጠባሳው ቫርኒሽ ሲቀባ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። በአየር የሚመታው ቀጭን ሚስማር በአንድ ምት ከእንጨቱ ገጽ አንድ ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገባል። የሚቀረው ቀዳዳ ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጥም፤ የዋንዛውን ብናኝ ከኮላ ጋር ለውሶ መድፈን ነው።

ዕቃ መምረጥ ስለማላውቅ የተሸወድኩ እንዳይመስላችሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ቅዳሜ ስሄድ ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ «ሁለት በአንድ» የሚሉትን፣ ሚስማርም ስቴፕልም የሚመታውን ነበር። መለስኩለት። ያ ለሶፋና ለቁምሳጥን ጀርባ ይሆናል እንጂ ለክፈፍ አይሆንም። መቺው ምላስ፣ ሚስማሩን የሚገፋው ብረት፣ ለስቴፕሉ ሲባል ሰፊ ስለሆነ፣ ቀጭን ሚስማር ሲመታ እንኳ ከሚስማሩ ራስ በጣም የሚሰፋ ጭረት እንጨቱ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ቀጥሎ ባለ 16 ጌጁን አመጣ፤ የጌጁ ቁጥር ሲያንስ ሚስማሩ ይወፍራል። እሱም ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን ሚስማሩ ወፍራም ስለሆነ ቀጭን ክፈፍ ይሰነጥቃል። የፈለግሁትን ያገኘሁት ሦስተኛው ላይ ነው፤ ባለ 18 ጌጅ፣ እስከ ኤፍ 50 (50 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ሚስማር) የሚጎርስ፣ ስሙን ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው።

ከቤት የያዝኩትን የዋንዛ ቁራጭና የራሴን ኤፍ 30 ሚስማር አወጣሁ። ኮምፕሬሰራቸው በር ላይ ነበር፣ የአየር ግፊቱን 6 ባር ላይ አደረግነው። አሥራ ሁለት ሚስማር መታሁ። አሥራ ሁለቱም እኩል ጠለቁ፤ ጣቴን በላያቸው ሳሳልፍ አንድም የጎረበጠኝ የለም። ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥኩ፣ ትንፍሽ የሚል አየር አልነበረም። 15 ሺህ ያለውን በ13 ተስማማን።

ልብ በሉልኝ፣ እስከዚህ ድረስ ዕቃው በእጄ ነበር።

ሻጩ እጁን ዘረጋ። «ይሄ እኮ ማሳያ ነው ወንድሜ፣ ስንቱ ሲነካካው የከረመ። አንተን የመሰለ ባለሙያ ማሳያ ይዞ አይሄድም። አዲሱን ከስቶር ላስመጣልህ።» ሰጠሁት። በገዛ እጄ፣ መያዣውን ወደ እሱ አዙሬ ሰጠሁት። ተቀብሎ የሽጉጡን አፍ በጨርቅ ጠረግ አደረገና ከጀርባው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሌሊቱን ሙሉ ስትመላለስብኝ ያደረችው ይህች ቅጽበት ናት። የሞከርኩት፣ የወደድኩት፣ ዋጋ የተስማማሁበት ዕቃ እጄ ላይ እያለ «ይኼንኑ እፈልጋለሁ» የሚል ቃል ከአፌ እንዴት ጠፋ? «አንተን የመሰለ ባለሙያ» አለኝና ደስ አለኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

የሱቁ ልጅ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ይዞ መጣ። ቁልፌን አውጥቼ ልቀደው ስል «ከተከፈተ ተሸጠ ማለት ነው፣ መጀመሪያ ብሩን አስገባ» አለኝ። በሞባይል አስተላለፍኩ። ስከፍተው ቀለሙ ያው፣ ስሙ ያው፣ ክብደቱ ያው። «እስቲ እንሞክረው» ብዬ ቀና ስል ልጁ ኮምፕሬሰሩን ወደ ውስጥ እየጎተተው ነው። «ሞክረኸው የለ እንዴ፣ አንድ ዓይነት ናቸው እኮ» አለ ሻጩ። የደረሰኙን ነገር ታውቁታላችሁ፤ በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ቫት ጨምር። 1,950 ብር። ሳሳሁ። ከደብተር በተቀደደች ወረቀት ላይ «ዋስትና 1 ዓመት» ብሎ በእስክሪብቶ ጫረልኝ፣ አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ የአየር ጎማውን ሳገናኘው ከክዳኑ ስር ፊስስ ማለት ጀመረ። የመጀመሪያው ሚስማር ግማሹ ውጭ ቀረ። ወደ 7 ባር ከፍ አደረግሁት። ሁለተኛው ውስጥ ገብቶ ተጠማዘዘና በክፈፉ ጎን ብቅ አለ። ክፈፉን ደግፎ የያዘልኝ ረዳቴ አውራ ጣቱ ከሚስማሩ ጫፍ ሁለት ጣት እንኳ አይርቅም ነበር። ልጁ ገና 19 ዓመቱ ነው። ያን ሳይ ጉልበቴ ተያዘ።

አራቱን ብሎን ፈትቼ ክዳኑን አነሳሁ። የብሎኖቹ ራስ ቀድሞም በቁልፍ ተበልቷል። የአየር ማገጃው ጎማ ተሰንጥቆ በሲሊኮን ተለጥፏል፤ ሲሊኮኑ ላይ የሰው አሻራ ይታያል። የመቺው ምላስ ጫፍ አልቆ ተሞርዷል፣ አንዱ ጎኑ ካንዱ ያጥራል፣ ሚስማሩን የሚያጣምመው እሱ ነው። መያዣው ስር በጥፍሬ ስፍቅ ሳደርገው አዲሱ ቀለም ተነስቶ የዱሮው ጭረት ታየ። የሚስማር መጋዘኑ ጥግ ላይ ደግሞ የዛገ ስባሪ ሚስማር ተቀርቅሯል። ዓመታት የሠራ ዕቃ ነው ቀለም ቀብተው በአዲስ ካርቶን የሸጡልኝ። ሁለት የዋንዛ ክፈፍ ከጥቅም ውጭ ሆነ፣ የሁለት ሰው የቀን ገቢ ቀረ፤ የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፣ የተበላሸውን እንጨት ብቻ አንስተው አዩት።

ዛሬ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ካርቶኑን እንኳ አልነካም። ከስልኩ ቀና ሳይል «ዘይት ጠብ አድርገህበታል?» አለ። አድርጌያለሁ አልኩ። «በስንት ባር ነው የመታኸው?» ነገርኩት። «በቃ አንተ ነህ ያፈነዳኸው። ይሄ ዕቃ አያያዝ ይፈልጋል ጋሼ።» ቅዳሜ ወንድሜና ባለሙያ ነበርኩ፣ ዛሬ ጋሼና አያያዝ የማያውቅ ሆንኩ። 14 ዓመት በዚህ ሙያ የኖርኩ ሰው ነኝ ስለው ልጆቹ ተያይተው ሳቁ። ወረቀቷን ሳወጣ «ማህተም አለው? የኛ ስም አለው? ማንም መጫር ይችላል» አለና ግድግዳው ላይ ወደ ተለጠፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በአገጩ አመለከተኝ።

ያኔ ነው ከጀርባው የተሰቀለውን ያየሁት። ቅዳሜ የሞከርኩት ሽጉጥ ነው፤ አፉ ጥግ ላይ የዋንዛዬ ቀይ ብናኝ አሁንም አለ። ቆሜ እያለሁ አንድ ወጣት ገብቶ የሚስማር ሽጉጥ ጠየቀ። ያንኑ አውርደው ሰጡት፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሱለት። «ወንድሜ፣ የምትሞክረውን ካልሰጡህ አትግዛ፣ እኔን ሠርተውኛል» አልኩት ጮክ ብዬ። ሻጩ ተነስቶ በክንዴ ያዘኝና «ሰውዬ፣ ሥራ አታስፈታን» እያለ እስከ በሩ ገፋኝ። ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎች ሁሉ አዩ፤ አንድም «ምን ሆኖ ነው?» ያለ የለም። ወጣቱ ገዝቶ ይሁን ትቶ አላየሁም።

በ2006 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሰን እንዲለወጥልን ወይም ገንዘባችን እንዲመለስ መጠየቅ እንደምንችል ይላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አይሽረውም። ነገ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ፤ በእጄ ያለው ግን የባንክ ማስተላለፊያና ማህተም የሌላት ወረቀት ብቻ ነው። ለ1,950 ብር ብዬ የተውኩት ደረሰኝ ዛሬ አፌን ዘጋው።

እናንተ የሞከራችሁትን ዕቃ ከእጃችሁ አታውጡ፤ ማሳያም ቢሆን እሱኑ ውሰዱ፣ አዲሱን ካመጡም ከመክፈላችሁ በፊት በራሳችሁ እንጨት ምቱበት። ደረሰኝ ተቀበሉ። በዚህ ወር ከዚያ አካባቢ የሚስማር ሽጉጥ የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ የአየር ጎማውን ነቅላችሁ፣ ሚስማሩን አውጥታችሁ፣ ዛሬውኑ ክዳኑን ክፈቱና የብሎኖቹን ራስ ተመልከቱ። 15 ቀኑ ሳያልፍባችሁ።