በጎንደር አዘዞ መንገድ ያለው የመኪና ኤሌክትሪክ ጋራዥ፦ መጥቶ ለሚጠፋ የነዳጅ ፔዳል ብልሽት

ከጎንደር ወደ ደባርቅ መንገደኛ የማመላልስበት ዲዝል ላንድክሩዘር ፕራዶ ለረጅም ጊዜ አንድ ብልሽት ነበረበት። የነዳጅ መስጫውን ፔዳል ስረግጥ ሞተሩ ጉልበት ይነሣኛል፣ የሞተሩ መብራት ይበራል፤ ዳር ይዤ ቁልፉን አጥፍቼ መልሼ ሳስነሣው ግን መኪናው ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይሄዳል። አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳገት ላይ፣ ከኋላ የጭነት መኪና እየተከተለ እንዲህ ሲሆን ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ቀደም ብዬ የሄድኩበት ሌላ ጋራዥ የሞተሩ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ አጥፍቶ ሸኘኝ፤ ሲመለስብኝ ደግሞ ከፍታውንና ነዳጁን ምክንያት አድርጎ በመጨረሻ ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ለውጥ አለኝ።

አሁን የምመሰክርለት በአዘዞ መንገድ የሚገኝ፣ በመኪና ኤሌክትሪክ ላይ ብቻ የሚሠራ አነስተኛ ጋራዥ ነው። ባለሙያው ወጣት ነው፤ የመመርመሪያ ኮምፒውተሩን ከመሰካቱ በፊት ያነሣው ጥያቄ ግን ልምዱን አሳየኝ። «ጋሼ፣ የሚያደርገው አስፋልት ላይ ነው ወይስ ኮብልስቶን ሲገቡ? ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነው ወይስ ገና ሲነሣ?» አለኝ። ኮብልስቶንና ጎርባጣ መንገድ ላይ እንደሚበዛ ስነግረው፣ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ከሚለካው ሴንሰር ይልቅ ሽቦውንና ሶኬቱን መጠርጠር እንደሚሻል ነግሮኝ ሥራውን ጀመረ።

በዘመናዊ መኪና ከፔዳሉ ወደ ሞተሩ የሚሄድ የብረት ገመድ እንደሌለ ብዙ አሽከርካሪዎች ያውቃሉ፤ ፔዳሉ ላይ ግን አንድ ሳይሆን ሁለት ሴንሰሮች መኖራቸውን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። የሞተሩ ኮምፒውተር ሁለቱን ምልክቶች ዘወትር ያነጻጽራል፤ አንዱ ሲጠፋ ወይም ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ለደኅንነት ሲል ጉልበቱን ይገድባል፣ በብዙ ቶዮታዎችም ችግሩ ተወግዶ ቁልፉ እስኪጠፋ ድረስ ገደቡን አያነሣም። መኪናዬ ቁልፍ ሲጠፋና ሲከፈት የሚድንበት ምክንያት ይህ ነበር፤ ቀደም ሲል ማንም አላስረዳኝም።

የመመርመሪያው ኮምፒውተር ያወጣው ኮድ ፒ2127 ነበር፤ ትርጉሙም ከሁለቱ ሴንሰሮች የአንዱ ቮልት ከሚገባው በታች ወርዷል ማለት ነው። በዚህ ኮድ ብቻ ተመርቶ ፔዳል የሚያስለውጥ ብዙ ነው፤ ኮዱ የሚናገረው ግን የትኛው የኤሌክትሪክ መስመር እንደታመመ እንጂ በመስመሩ ላይ የትኛው ነገር እንደታመመ አይደለም። ባለሙያው ሞተሩን ሳያስነሣ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ፣ የሁለቱን ሴንሰሮች ቮልት በስክሪኑ ላይ በግራፍ መስመር እያሳየኝ ፔዳሉን በእጁ ቀስ አድርጎ እስከ ታች ተጫነው፣ ቀስ አድርጎም ለቀቀው። ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው በ0.8 ቮልት ገደማ ከፍ ብሎ፣ ሁለቱም ሳይቆራረጡ እኩል ወጡ፣ እኩል ወረዱ። ሴንሰሩ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ መስመሩ በሆነ ቦታ ላይ ሊዘል ወይም ሊንቀጠቀጥ ይችል ነበር።

ቀጥሎ ፔዳሉን ግማሽ ላይ እንድይዝለት አድርጎ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባና ሽቦዎቹን ከሶኬቱ ጀምሮ አንድ በአንድ ነካካ። አንደኛዋን ሽቦ ሲገፋት ሁለተኛው መስመር ከመቅጽበት ዜሮ ገባ፤ ሲለቃት ተመለሰ። ሶኬቱን ነቅሎ በባትሪ መብራት ሲያሳየኝ፣ የአንደኛው ሴቴ ፒን አፍ ተከፍቶ ወንዴውን አጥብቆ መያዝ ትቶ ነበር። ፒኑን ለውጦ ሽቦውን እንዳይወጠር አድርጎ አሰረው፤ ከዚያም ወደ ኮብልስቶን ወጥተን መስመሮቹን በስክሪኑ እያየን ነዳን። ከዚያ ወዲህ ወደ ደባርቅ ስመላለስ ችግሩ አልተመለሰም። የከፈልኩት የእጅ ዋጋና የአንድ ፒን ዋጋ ነው፤ ከሙሉ ፔዳል ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ጉድለትም አለው። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው ይኸው አንድ ባለሙያ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው፤ ግቢው ጣሪያ ስለሌለው በክረምት ዝናብ ሲመጣ ሥራው ይቆማል። ከሁሉ የከፋኝ ግን ምን እንደተገኘና ምን እንደተለወጠ የሚገልጽ ወረቀት አለመስጠታቸው ነው፤ መኪናውን ሌላ ሰው ሲነዳው ወይም ሌላ ባለሙያ ሲያየው ይህ ታሪክ ያስፈልጋል። ጠይቄያቸው በደረሰኙ ጀርባ ላይ በእጅ ጽፈው ሰጥተውኛል።

ወደዚያ የምትሄዱ ሁሉ ኮዱን አስቀድማችሁ አታስጠፉ፤ ኮዱ ሲመዘገብ የነበረው ፍጥነት፣ የሞተሩ ዙርና ሙቀት አብሮ ስለሚቀመጥ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ብልሽቱ በምን ዓይነት መንገድ ላይ እንደሚመጣም ልብ ብላችሁ ሂዱ። ከተቻለ ጠዋት ቀደም ብላችሁ ድረሱ።