ለልጆቻችን መምህርት የቀረበ ምስጋና እና ለወላጆች የተሰጠ ጥቆማ

ከቡታጅራ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ቀበሌያችን፣ ብዙዎቻችን እስከ ዛሬ «ዜሮ ክፍል» እያልን በምንጠራው የቅድመ አንደኛ ክፍል ሕፃናትን የሚያስተምሩ አንዲት መምህርት አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም። ልጄ እርሳቸው ዘንድ መማር ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ይህን የምጽፈው ምስጋናዬ በቃል ብቻ እንዳይቀር፣ በአጎራባች ቀበሌዎች የምትኖሩ ወላጆችም ልጆቻችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንድታውቁ ብዬ ነው።

ከመምህርቷ ጋር በደንብ የተዋወቅነው በቅሬታ ነበር። ባለፈው ዓመት መስከረም፣ ለመስቀል ከአዲስ አበባ ቀደም ብሎ የገባው ወንድሜ ልጄን ከትምህርት ቤት ላምጣ ብሎ ሄደ። መምህርቷ በአክብሮት ተቀብለው ወንበር ከሰጡት በኋላ፣ ስሙ በመዝገብ ስላልሰፈረ ልጅቷን ሊሰጡት እንደማይችሉ ነገሩት። እኔ በርበሬ ለቀማ ላይ ስለነበርኩ ስልክ አላነሳሁም፤ እስክደርስ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጦ ጠበቀኝ። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት አገር ወንድሜ እንደ ባዕድ መቆጠሩ አስቆጥቶኝ ስለነበር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርኩ። እርሳቸው ግን መዝገቡን ገልጠው፣ ከእኔ ሌላ ባለቤቴ እና እናቴ ብቻ ልጅቷን እንዲወስዱ ራሴ ጽፌ የፈረምኩበትን ገጽ አሳዩኝ። «መልካቸው አንድ መሆኑን አይቻለሁ፤ እኔ የምጠብቀው ግን እርስዎ በእጅዎ የጻፉትን ነው» አሉኝ።

ቁጣዬ የበረደው ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ከዓመታት በፊት ትልቁ ልጄ ይውልበት ከነበረ ሌላ የሕፃናት ማቆያ ማንም ሳያየው ወጥቶ፣ አስፋልት ዳር ቆሞ ያገኘው አንድ የጋሪ ነጂ ነበር። ያን ቀን በር ላይ መዝገብ ይዞ የሚቆጥር ሰው ቢኖር ኖሮ ልጄ ከግቢው ባልወጣ ነበር። በማግስቱ ወንድሜን ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ ስሙንም አስመዘገብኩ። መምህርቷ ልጆቹን ጠዋት ሲገቡ፣ ከእረፍት ሲመለሱ እና ወደ ቤት ሲሄዱ በቀን ሦስት ጊዜ በስም እየጠሩ እንደሚቆጥሩ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አካባቢያችን በርበሬ አምራች በመሆኑ የፀረ ተባይ ኬሚካል የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ባዶው ዕቃ ጠንካራ፣ ክዳኑም በደንብ የሚገጥም ስለሆነ ብዙዎቻችን አጥበን ለመጠጥ ውሃ እና ለዘይት እንጠቀምበት ነበር። መምህርቷ በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ፣ ኬሚካሉ ወደ ፕላስቲኩ ስለሚሰርግ የቱንም ያህል ቢታጠብ ጨርሶ እንደማይለቅ አስረዱን። ዕቃው ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ እጣቢው ወደ መርጫው መጨመር እንዳለበት፣ ከዚያም ማንም ዳግመኛ እንዳይገለገልበት መበሳት እንደሚገባው ነገሩን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የልጆቹን የውሃ መያዣ አንድ በአንድ እያዩ ይቀበላሉ፤ የኬሚካል ዕቃ ይዞ የመጣ ልጅ ሲኖር ለዕለቱ ሌላ መያዣ ይሰጡትና ወላጁን ያስጠራሉ። እኔ በግሌ ይህ አንድ ትምህርት ብቻ ከቀበሌያችን አልፎ በርበሬ ለሚያመርተው ሕዝብ ሁሉ ቢዳረስ ደስ ይለኛል።

ለመክሰስም ቆሎ እና ኦቾሎኒ አይፈቅዱም፤ ደረቅ እና ጥቃቅን እህል የትናንሽ ልጆችን የአየር ቧንቧ በቀላሉ ሊዘጋ ይችላልና። ቆጮ፣ ቂጣ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም እንቁላል እንድንቋጥርላቸው ይመክራሉ። ሕፃናት ባቄላ እና ሽንብራ አፍንጫቸው እና ጆሯቸው ውስጥ ስለሚከቱ፣ ቁጥር የሚያስተምሩት በትልልቅ የአቮካዶ ፍሬ ነው፤ ፍሬዎቹ ደርቀው ሲሰነጠቁ ራሳቸው ይለውጧቸዋል። በግቢው ያለው ጉድጓድ ክዳን አለው፣ የክፍሉ በር ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ለትንንሾቹ በልካቸው የተሠራው መጸዳጃ ቤትም በእርሳቸው ጉትጎታ በወላጆች መዋጮ ተገንብቷል።

በምዝገባ ጊዜ የክትባት ካርድ ያያሉ። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር ሁለት ጊዜ እንደሚሰጥ ብዙዎቻችን ስለማናውቅ አንዱን ብቻ አስከትበን የቀረን ነበርን። መምህርቷ ካርዱ ያልተሟላለትን ልጅ ከምዝገባ ሳይከለክሉ ወላጁን ወደ ጤና ኬላ ልከው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ያገናኙታል፤ ውጤቱንም ተከታትለው ይጠይቃሉ።

አንዳንድ ወላጆች ልጆቹ ቀኑን በጨዋታ ያሳልፋሉ፣ ፊደል ቶሎ አይቆጥሩም ብለው ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔም በመጀመሪያው ወር እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. የወጣው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤ እና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ የትምህርት ሚኒስቴር ብቻውን ያዘጋጀው አልነበረም፤ የጤና እና የሴቶች ጉዳይ ተቋማትም ተሳትፈውበታል። የሕፃን ትምህርት ከጤናው እና ከደኅንነቱ ተለይቶ እንደማይታይ ሥራቸው አድርገው ያሳዩን እኚህ መምህርት ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርት እና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛ ሁለት ዓመት መሆኑም ጠቅሞናል፤ ልጄ በመጀመሪያው ዓመት እጇን በሳሙና ታጥባ ተራዋን መጠበቅ ተማረች፣ አሁን ደግሞ ስሟን ትጽፋለች።

ለወረዳው የትምህርት ባለሙያዎች ያለኝ ጥቆማ፣ አዲስ የሚመደቡ የቅድመ አንደኛ መምህራን ለጥቂት ቀናት እርሳቸው ክፍል ተቀምጠው ተሞክሮ እንዲወስዱ ነው። ልጆቻችሁን ለማስመዝገብ የምትመጡ ወላጆች የክትባት ካርዱን፣ ንጹሕ የውሃ መያዣ እና ልጁን ከትምህርት ቤት ሊወስዱ የሚችሉ ሰዎችን ሙሉ ስም ይዛችሁ ኑ። ከሩቅ የሚመጣ አጎት ወይም አክስት ካለ፣ የእነርሱንም ስም አብራችሁ አስጽፉ።