አናሎግ ወይስ ዲጂታል ዎኪ ቶኪ?

አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚያዙት ፒኤምአር 446 የሚባሉት ዎኪ ቶኪዎች አናሎግም ዲጂታልም አሉ። ለሁለቱም የተፈቀደው ኃይል 0.5 ዋት ነው። ስለዚህ "ዲጂታሉ በጣም ሩቅ ይደርሳል" ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ። ኮረብታና ሕንፃ ሁለቱንም ይጋርዳቸዋል።

ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው። በአናሎግ ስትራራቁ ሽሽ የሚለው ድምፅ እየጨመረ ይመጣል፤ ጆሮው የለመደ ሰው ግን ቃላቱን ይለቅማል። ዲጂታሉ እስከ ዳር ድረስ ጥርት ይላል። ከዚያ ይቆራረጥና ድንገት ጭጭ!

ጫጫታ ያለበት ሥራ ላይ እኔ ዲጂታሉን እመርጣለሁ። ቁልፉን ተጭናችሁ ትንሽ ቆዩና ተናገሩ፤ አለዚያ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል። ደግሞ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ይያዝ፤ ዲፒኤምአርና ዲኤምአር የሚባሉት ሁለቱ የዲጂታል ዓይነቶች እርስ በርስ አይግባቡም። ጓደኞቻችሁ አናሎግ ከያዙ ሁለቱንም የሚሠራ ግዙ።