ሞንጉስ ወይስ ፔፐር? ሞንጎዲቢ ላይ ለምትሠሩ

ደብረ ብርሃን ያሉ ኮድ የሚጽፉ ልጆች እየደወሉ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «በታይፕስክሪፕት ሞንጎዲቢ ላይ ልሠራ ነው፤ ሞንጉስን ልያዝ ወይስ ፔፐርን?» ሞንጎዲቢ ዳታቤዝ ነው፤ ሞንጉስና ፔፐር (Papr) ደግሞ ኮዳችንን ከእሱ ጋር የሚያገናኙ ላይብረሪዎች ናቸው። መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ፔፐርን ያዙ። ይህን የምለው ሸዋ ሮቢት ላይ የደረሰብኝን ስለማልረሳ ነው።

አንድ የሽንኩርት ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን በስልክ መያዝ ፈለገ። ጊዜ ስላልነበረኝ ያለቀለት ኮድ ከአንድ ልጅ በ15,000 ብር ገዛሁ። በሞንጉስ 6 የተሠራ ተራ ጃቫስክሪፕት ነው። ከየት እንደተገለበጠ አልጠየቅኩም። ሁለት ወር ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ ዕዳውን የጨረሰ አንድ ደንበኛ ይሰረዝ ተብሎ ቁልፉ ሲነካ የሁሉም ሰው ዱቤ ጠፋ።

ስህተቱ የአንዲት ቃል ነበር። መዝገቡ ላይ ስልኩ «ፎን» ተብሎ ተቀምጧል። የማጥፊያው መስመር ግን «ፎንነምበር» ብሎ ይፈልጋል። ሞንጉስ 6 ስኪማው (የመስኮቹ ስምና ደንብ የተጻፈበት) ውስጥ የሌለ ስም ማጣሪያ (የትኛው ሰነድ እንደሚነካ የሚወስነው) ላይ ሲያገኝ፣ ካልከለከሉት በቀር፣ ዝም ብሎ ያወጣዋል። ማጣሪያው ባዶ ይቀራል። ባዶ ማጣሪያ ይዞ «ዲሊትሜኒ» ማለት ደግሞ ሁሉንም አጥፋ ማለት ነው። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ሞንጉስ 7 ተቀይሯል። ሰው እጅ ላይ የማገኘው የተገለበጠ ኮድ ግን አሁንም ብዙው የድሮው ነው።

መዝገቡ የተቀመጠው አትላስ በሚባለው የሞንጎዲቢ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ነበር፤ ነጻው ክፍል ደግሞ ባክአፕ የለውም። ጣርማ በርን ወርጄ ሁለት ሌሊት ከነጋዴው እናት ጋር የወረቀት ደብተሩን ገጽ በገጽ አስገባን። «እንኳን ደብተሩን አልጣልኩት ልጄ» ይሉኝ ነበር፣ ቡና እያፈሉ።

ፔፐር ላይ ያ መስመር ገና ሲጻፍ ቀይ ይሰመርበታል። ስኪማውን አንዴ ትጽፋላችሁ፤ ታይፑ (የትኛው መስክ ምን ዓይነት እንደሆነ) ከእሱ ይወጣል። የተሳሳተ ስም ማጣሪያ ውስጥ ስታስገቡ ኮምፓይለሩ አያሳልፍም። እኔ የበለጠ የምወደው ግን ሌላ ነው። ፔፐር ስኪማውን ሞንጎዲቢ ራሱ ላይ ይጭነዋል። ስለዚህ አንድ ሰው ኮምፓስ በሚባለው የሞንጎዲቢ መመልከቻ ፕሮግራም ገብቶ ገንዘቡ ቦታ ላይ ፊደል ሊያስገባ ቢሞክር ዳታቤዙ እምቢ ይላል። የሞንጉስ ፍተሻ ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ብቻ ነው። እዚያም «አፕዴትዋን» ስትሉ «ረንቫሊዴተርስ»ን ካላበራችሁ የጻፋችሁት ደንብ አይፈተሽም። ታይፕጉስ የሚባለውስ? ክላስ ለሚወድ ሰው ያምራል፤ ከውስጥ ግን ያው ሞንጉስ ነው።

ዋጋ ላይ እንምጣ። ሁለቱም ላይብረሪዎች ነጻ ናቸው። ገንዘብ የሚበላው ዳታቤዙ ነው። አትላስ 512 ሜጋባይት በነጻ ይሰጣል። ኤም10 የሚባለው የሚከፈልበት ደረጃ ላይ ስትወጡ በወር 57 ዶላር ገደማ ነው። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ 3,250 ብር አካባቢ ማለት ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ክፍያውም በዶላር ካርድ ነው። ስለዚህ እኔ ባይት እቆጥራለሁ። ሞንጉስ ካላጠፋችሁበት በቀር በእያንዳንዱ ሰነድ ላይ «ቪ» የምትባል የቁጥር መስክ ይጨምራል፤ 9 ባይት ናት። ለሚሊዮን ሰነድ 9 ሜጋባይት ይሆናል። ነጻው ላይ መቆየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሞንጉስ የሚበልጥበት ቦታም አለ። የተያያዙ መዝገቦችን አምጥቶ የሚያገጣጥም «ፖፑሌት» አለው፤ ፔፐር የለውም፣ ማያያዣውን ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። ስትቸገሩም ለሞንጉስ መልስ ማግኘት ይቀላል። ሥራችሁ እርስ በርሱ የተሳሰረ ብዙ መዝገብ ካለው ሞንጉስን ውሰዱ፤ ከ7 በታች ግን እንዳትነኩ።

ፔፐርን ከያዛችሁ «አፕዴትስኪማስ» የሚለውን መጥራት አትርሱ። ካልጠራችሁት ደንቡ ዳታቤዙ ላይ አይወርድም።

ያለቀለት ኮድ ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ብሩን ከመስጠታችሁ በፊት ሻጩን የማጥፊያውን መስመር አስከፍቱት። ከመስኩ ስም አንድ ፊደል ቀይሩ። ቀይ ካልወጣ ብራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።