ፎም፣ ኤቢኤስ ወይስ ፕሪንተር? የህዋ ወታደር ልብስ ከመግዛታችሁ በፊት

የስታር ዋርሱን ነጭ ወታደር ወይም ሄሎ የሚባለው ጌም ላይ ያለውን አረንጓዴ ተዋጊ ለመሆን አስባችኋል እንበል። ገንዘብ አጠራቅማችኋል። ቤተሰብም «ምን ነካህ?» ብሎ ጨርሷል። የቀረው በምን ይሠራ የሚለው ነው፤ በፎም፣ ኤቢኤስ በሚባለው ፕላስቲክ ወይስ በ3ዲ ፕሪንተር?

ሰው ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው ስለ መልኩ ነው። ፎቶ ላይ ግን ሁሉም ያምራል፤ ጎበዝ ሰው የሠራውን ፎም ከፕላስቲክ መለየት ይከብዳል። ልዩነቱ የሚወጣው ለብሳችሁት ሦስተኛው ሰዓት ላይ ነው፤ ደረጃ ስትወጡ፣ ላብ ሲወርድ፣ የጭኑ ጠርዝ ቆዳችሁን ቆንጥጦ አልለቅ ሲል። ስለዚህ እኔ የማወዳድረው በሁለት ነገር ነው። ገላ ላይ እንዴት ይቀመጣል? አልመች ሲል ደግሞ መልሶ መቁረጥና ማስተካከል ይቻላል ወይ? ዋጋውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

ኢቪኤ ፎም

ጂም ቤት ወለል ላይ እየተገጣጠመ የሚነጠፈውን ለስላሳ ምንጣፍ ታውቁታላችሁ። እሱ ነው። ለዚህ ሥራ ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ወፍራሙ ለደረትና ለትከሻ ይሆናል፣ ቀጭኑ ከላይ ለሚለጠፈው ጌጥ።

ልኩን የምትወስዱበት መንገድ ደስ ይላል። አሮጌ ቲሸርት ለብሳችሁ ደረታችሁን በሰፊ ፕላስተር ታስጠቀልላላችሁ፣ የመገጣጠሚያውን መስመር በማርከር ታሰምራላችሁ፣ ከዚያ ሰው ቀስ ብሎ በመቀስ ያወጣችኋል። የተቆረጠው ቁራጭ ጠፍጣፋ ሲደረግ ንድፉ ያው ነው። የእናንተ ደረት እንጂ የማንም አይደለም። ሌሎቹ ቁሶች በዚህ በኩል ፎምን አይደርሱበትም፤ ቦርጭ ያለው፣ ትከሻው የጠበበ፣ ጡት ያላት፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ55 የሆነ፣ ሁሉም ከራሱ ገላ ይነሳል።

የሚጣበቀው በማስቲሽ ነው፣ ጫማ ሰፊዎች በሚጠቀሙበት። ሁለቱንም ፊት ትቀባላችሁ፣ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ታገናኛላችሁ። አንዴ ከተገናኘ ትንሽ ላንሸራትተው ማለት የለም። ሽታው ቀላል አይደለም፤ መስኮት ክፈቱ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርጉ። የኮቪድ ጊዜው ማስክ ለዚህ ምንም አይጠቅምም።

ቅርጽ የሚይዘው በሙቅ አየር ነው። የፀጉር ማድረቂያ የሚመስለው የሙቅ አየር መንፊያ ሲነፋበት የፎሙ ቀዳዳ ይደፈንና ፊቱ ይለሰልሳል፤ ትኩስ እያለ አጥፋችሁ እስኪቀዘቅዝ ከያዛችሁት እንደታጠፈ ይቀራል። ከቀለም በፊት እንደ ጎማ የሚለጠጥ መሸፈኛ ደራርባችሁ ካልቀባችሁ ግን ክርን ላይና ወገብ ላይ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ብዙ ጀማሪ የሚሰንፈው እዚህ ጋ ነው።

ጉድለቱ? ስለታም ጠርዝና መስታወት የመሰለ አንጸባራቂ ፊት ማውጣት ብዙ ልፋት ይጠይቃል። ከባድ ነገር ከተጫነበት ይጎደጉዳል። በዋጋ በኩል ግን ፎሙ፣ ማስቲሹና ቀለሙ ተደምረው አሜሪካ ውስጥ በ200 ዶላር ገደማ ሙሉ ልብስ ይወጣቸዋል። ለልጅ የምትሠሩ ከሆነ ሌላውን ክፍል ማንበብ አያስፈልጋችሁም።

ኤቢኤስ እና ሂፕስ

ነጩን ወታደር የፈለገ ሰው መጨረሻው እዚህ ነው። የፕላስቲክ ወረቀት በሙቀት ይለሰልስና ሻጋታ ላይ ተዘርግቶ አየሩ ከሥር ሲመጠጥ ቅርጹን ይይዛል። በ1977 እ.ኤ.አ. ለወጣው የስታር ዋርስ ፊልም እንግሊዝ አገር ልብሱ የተሠራውም በዚሁ መንገድ ነበር፣ ገላው ከነጭ ኤቢኤስ። የሚገርመው የብዙኃኑ ወታደር ሄልሜት ከሌላ ፕላስቲክ ተሠርቶ ነጭ የተቀባ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ «ኦሪጅናሉ አይቀባም ነበር» የሚላችሁ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሻጮች ሁለት ዓይነት ፕላስቲክ ያቀርባሉ። ኤቢኤስ ከመሰንጠቁ በፊት ይታጠፋል፣ ሲወድቅም ይችላል። ሂፕስ ደረቅ ነው፣ ይረክሳል፣ ነጭነቱም ያምራል፤ ግን ጠርዙ ላይ ጫና ሲበዛበት ይሰነጠቃል። ወገባችሁን የሚዞረውና ስትራመዱ የሚተጣጠፈው ቁራጭ ሁሌ የሚለፋ ስለሆነ እኔ ኤቢኤሱን እመርጣለሁ። ያለማመንታት። ኤቢኤስ የራሱ አመል አለው፤ ፀሐይ ካገኘው ይቢጫል። ሳሎን መስኮት ሥር ላቁመው ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ቀይሩ፣ ወይም ፊቱ አክሪሊክ የተደረበበትን ኤቢኤስ ጠይቁ።

ኤቢኤስ ሌላ ጥሩ ነገር አለው። ስትከረክሙ የተረፈውን ቁርጥራጭ አሴቶን ውስጥ ብትጨምሩት ይሟሟና ልክ እንደ ስቱኮ ይሆናል፤ በሱ ክፍተት ሞልታችሁ በብርጭቆ ወረቀት ስታሹት ከዋናው ጋር አንድ ይሆናል፣ ቀለሙም ያው ነው።

ኪቱ፣ ማለትም ሳይገጣጠም የሚሸጠው የልብሱ ቁራጮች ስብስብ፣ ሲመጣ ሳይከረከም ነው የሚመጣው፣ እንዲህ መሆኑም ጥሩ ነው። በምላጭ መስመሩን ትጭራላችሁ፣ ታጥፉታላችሁ፣ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ለማጣበቂያ ኢ6000 የሚባለውን ግዙ። ቀርፋፋ ነው፤ በደንብ እስኪደርቅ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይፈልጋል፣ እስከዚያ በመቆንጠጫና በማግኔት ታስሮ ይቆያል። ታዲያ ለምን? ስለሚላቀቅ! ጭኑ ጠበበ፣ ባቱ ሰፋ ካላችሁ ፕላስቲኩን ሳትጎዱ ልጣችሁ ታነሱትና እንደገና ትለካላችሁ። በፍጥነት የሚይዘው ሱፐር ግሉ ይህን ዕድል አይሰጣችሁም።

አለካኩ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እጅና እግሩ ከፊትና ከኋላ ሁለት ግማሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። ከአንዱ ግማሽ ብቻ ከቆረጣችሁ ቅርጹ ይጣመማል፤ ከሁለቱም እኩል ነው የሚቀነሰው። ከሥር የምትለብሱትን ጥቁር ልብስ ሳትለብሱ አትለኩ። ቀጭን ከሆናችሁ መከርከም ነው፤ ወፈር ካላችሁ ከተረፈው ፕላስቲክ ማስፊያ ቁራጭ ከኋላ ይጨመራል፣ ከፊት ማንም አያየውም። ጠርዙ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ወፍራም ያስመስለዋል፣ ግን ብብት ሥርና ከጉልበት ጀርባ ያንን እጥፋት ካላነሳችሁት ይቆነጥጣችኋል። አጫጭር ሰዎች ደግሞ ባቱን ከላይ እንጂ ከታች አይቁረጡ፤ ታች ጫማ ላይ የሚያርፈው ቅርጽ ከጠፋ ወዲያው ያስታውቃል።

ቁራጮቹ እርስ በርስ የሚያያዙት በላስቲክ፣ በናይሎን ማሰሪያና ተጭነው በሚቆለፉ ቁልፎች ነው። ይህን ኪቱ ውስጥ ብዙ ሻጭ አይጨምርም። ጠይቁ።

ዋጋው እንደ ሠሪው ነው፤ ገላውና ሄልሜቱ አንድ ላይ ከብዙ መቶ ዶላር ተነስቶ ከ1000 በላይ ይሄዳል። ለብሳችሁት መቀመጥ አትችሉም። ጎንበስ ብላችሁ ስልክ ማንሳትም አትችሉም፤ አብሯችሁ የሚዞር ጓደኛ ያስፈልጋል።

ፕሪንተር

«ፕሪንተር ልግዛና ሁሉንም ላትመው» የሚል ሰው በዝቷል። 3ዲውን ማለቴ ነው፤ የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ በላይ በላዩ እየደረበ ዕቃ የሚሠራውን። መጀመሪያ የሚታየው ሒሳብ ያታልላል፤ ፒኤልኤ የሚባለው ክር በኪሎ 20 ዶላር አካባቢ ነው፣ ማሽኑም ርካሽ ሆኗል። ግን የተለመደው አነስተኛ ማሽን ሰሌዳው 220 በ220 ሚሊሜትር ነው፣ የአዋቂ ሰው ደረት ደግሞ እዚያ ላይ አይገባም። ተቆራርጦ ይታተማል፣ ይጣበቃል፣ ከዚያ እያንዳንዱ መስመር እስኪጠፋ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ፕራይመር፣ እንደገና ብርጭቆ ወረቀት። ማተሙ ሳይሆን ማሸቱ ነው ዕድሜ የሚበላው።

ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። በጋ ላይ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ የተቀመጠ ልብስ ተጣሞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ ይህን ሁለቴ አንብቡት። ፔትጂ የሚባለው እስከ 80 አካባቢ ይችላል፣ ስለዚህ እዚያ ከሆናችሁ እሱን ተጠቀሙ።

በእኔ መለኪያ ሲታይ ፕሪንት ግማሽ ግማሽ ነው። ከማተማችሁ በፊት ፋይሉን በኮምፒውተር ለቁመታችሁ ማስፋትና ማጥበብ ትችላላችሁ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ከታተመ በኋላ ግን አይታጠፍም፣ መከርከሙ በመጋዝና በአቧራ ነው፣ ሲወድቅም በታተመበት መስመር ይሰበራል። ስለዚህ ለሄልሜት፣ ለመሣሪያና ለቀበቶ ሳጥኖች አሪፍ ነው፤ ለጭንና ለወገብ አልመክርም። ከማሽን ጋር መታገል የምትወዱ ካላችሁ ግን ምክሬን እርሱት፣ ደስታችሁ እዚያው ነው።

ፋይበርግላስም አለ። ጠንካራ ነው፣ ከባድ ነው፣ አቧራው ቆዳና ሳንባ ይጎዳል። ሌላ ሰው የሠራውን ሄልሜት ግዙ፤ አፓርታማ ውስጥ ራሳችሁ አትሞክሩት።

ማን የቱን ይግዛ

501ኛው ሌጌዎን የሚባል በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር አለ። ልብሱን ለብሰው ሆስፒታልና የዕርዳታ ማሰባሰቢያ ላይ ይገኛሉ፣ ዕድሜ ከ18 በላይ መሆን አለበት፣ ልብሱም የራሳችሁ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ምን መምሰል እንዳለበት ዝርዝር መስፈርት አውጥተዋል። እዚያ መግባት የምትፈልጉ ከሆነ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ልብስ መስፈርት አንብቡ፤ ነጩን ወታደር በፎም ሠርታችሁ አትሂዱ፣ ኤቢኤስ ግዙ። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ሆናችሁ በዓመት አንዴ ኦሰም ኮን በሚባለው የፊልምና የጌም አድናቂዎች ዝግጅት ላይ ለመዝናናት ከሆነ ግን ፎም ይበቃችኋል፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አዳራሹ ያለውን መንገድ እየሳቃችሁ ትሄዱታላችሁ፣ ባለ ፕላስቲኩ ጓደኛችሁ ደግሞ ኋላ ይቀራል።

አልቆ፣ ተጣብቆና ተቀብቶ የሚሸጥ ልብስስ? አይ። «ሚዲየም» ተብሎ የተጣበቀ ጭን የማን ሚዲየም እንደሆነ አይታወቅም፣ ለማስተካከልም መጀመሪያ ማፍረስ አለባችሁ። የሚያጣብቅላችሁ ሰው ካስፈለጋችሁ ጥሬውን ኪት ግዙና ልካችሁን በአካል ለሚወስድ ሰው ስጡት።

አዲስ አበባ ያላችሁ፣ ኪት በአየር ከማስመጣታችሁ በፊት ይህን አስሉ። እንደ ዲኤችኤል ያሉ አጓጓዦች የሳጥኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ የወጣው ቁጥር ከሚዛኑ ከበለጠ የሚያስከፍሉት በሱ ነው። 60 በ60 በ60 የሆነ ሳጥን ውስጥ ያለው ፕላስቲክ 7 ኪሎ ቢመዝንም የ43 ኪሎ ትከፍላላችሁ። ቀረጡ ገና አልመጣም። ፎም ጠፍጣፋ ነው፣ ይጠቀለላል፣ ማስቲሹ ደግሞ እዚያው አለ።

ኪት የምትገዙ ሁሉ ደግሞ ሻጩን ሻጋታው የራሱ መሆኑን ጠይቁት። የሌላ ሰው ልብስ ላይ ሻጋታ አውጥተው የሚሸጡ አሉ፤ እንዲህ ዓይነቱ ቅጂ ዝርዝሩ ይደበዝዛል፣ ጠርዙ ይዶለዱማል፣ ልኩም ይለዋወጣል። ፕላስቲኩ በጣም የሚሳሳው ጥልቅ ቦታ ላይ ስለሆነ የጉልበቱንና የሄልሜቱን ጎን በብርሃን አንጻር ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። ብርሃን ካሳለፈ ሳስቷል ማለት ነው።

ክፍያው ላይ ደግሞ ንቁ። ብዙዎቹ ሠሪዎች ጋራዥ ውስጥ ብቻቸውን የሚሠሩ ናቸው፣ ወረፋው ወራት ይፈጃል፣ ገንዘቡን አስቀድመው ይቀበላሉ። ፔይፓል በሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ «ለጓደኛና ቤተሰብ» በሚለው መንገድ ላኩልኝ ካለ አትላኩ፤ ያ መንገድ ለገዢ ዋስትና የለውም። በትክክለኛው መንገድ ብትከፍሉም ፔይፓል ላይ ክርክር ማንሳት የምትችሉት ከከፈላችሁ ቀን ጀምሮ 180 ቀን ውስጥ ነው። ሻጩ «ስምንት ወር ታገሱኝ» ካለ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ሲጨርስ ብላችሁ ተደራደሩ፤ እምቢ ካለ ሌላ ሠሪ ፈልጉ።