ቴራፎርምን የምመዝነው በማፍረሱ ነው፦ ከዓመት በላይ የተጠቀመ ሰው ግምገማ

ስለ ቴራፎርም፣ ማለትም በኪራይ የሚገኙ የክላውድ ሰርቨሮችንና ኔትወርኮችን በኮድ ስለሚገነባና ስለሚያፈርስ መሣሪያ፣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ግንባታ ነው። በጥቂት መስመር ኮድ ኔትወርኩ ይዘረጋል፣ ሰርቨሩ ይነሣል፣ ዳታቤዙ ይቆማል፤ ጽሑፉም እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ግን መሣሪያውን ከአንድ ዓመት በላይ ከሠራሁበት በኋላ የምመዝነው በሌላው ጫፍ ነው፦ የሠራውን ሲያፈርስ ምን ያህል ንጹሕ አድርጎ ይሄዳል? መልሴ አጭር ነው። በመዝገቡ፣ ማለትም የሠራውን ሁሉ በሚጽፍበት ፋይል፣ ላይ የሰፈረውን አንድ ሳያስቀር ያጠፋል፤ በመዝገቡ ላይ ያልሰፈረውን ግን አያየውም፤ ያልታየውም ሂሳቡን መቁጠር አይተውም።

ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያሳስበኝ የክላውድ ሂሳብ የሚከፍል ሰው ይገባዋል። አዲስ አበባ ውስጥ የምንሠራ ትንሽ ቡድን ነን፤ የምንከፍለው በዶላር ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ያው የዶላር ሂሳብ በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በአማዞን ክላውድ የቨርጂኒያ ሪጅን አንድ ናት ጌትዌይ፣ ማለትም የውስጥ ሰርቨሮች ወደ ኢንተርኔት የሚወጡበት በር፣ ምንም ሳያስተላልፍ ተቀምጦ በሰዓት 0.045 ዶላር ያስከፍላል፤ በወር ወደ 32 ዶላር ይጠጋል። ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ይፋዊ የአይፒቪ4 (የኢንተርኔት) አድራሻ፣ ሥራ ላይ ዋለም አልዋለም፣ በሰዓት 0.005 ዶላር ይጠየቅበታል። ለሙከራ ተነሥቶ የተረሳ አንድ አካባቢ (አብረው የሚሠሩ ሰርቨሮች፣ ኔትወርክና ዳታቤዝ) በየወሩ ምን ያህል እንደሚበላ አስሉት።

ስለዚህ የሙከራ አካባቢያችንን በየምሽቱ እናፈርሳለን፣ በየማለዳው እንገነባለን። ሰዓት ጠብቆ የሚነሣው ፕሮግራም የሚያውቀው ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን የዓለም አቀፉን ሰዓት ብቻ በመሆኑ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንዲነሣ 16 ብለን እንጽፍለታለን። ትእዛዙ ቴራፎርም ዲስትሮይ ነው። በእጅ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚጠፋውን ሁሉ ዘርዝሮ ያሳያል፤ ከዚያ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ «የስ» የሚለው ቃል በሙሉ ካልተጻፈለት በቀር ንቅንቅ አይልም። አንድ ፊደል ብቻ ጽፎ ለሚቸኩል ሰው ይህ ግትርነት ውለታ ነው። ዝርዝሩን ብቻ ለማየት ደግሞ የዕቅድ ትእዛዙን በማፍረሻ አማራጩ ማስኬድ ይቻላል፤ ምንም ሳይነካ የሚሆነውን ያሳያል። አዲስ ሰው ቡድናችን ሲገባ ከሁሉ በፊት የማስተምረው ይህንን ነው።

ሥራውን የሚያሳምረው ቅደም ተከተሉ ነው። ቴራፎርም የትኛው ነገር በየትኛው ላይ እንደቆመ የሚያሳይ ሥዕል በውስጡ ይይዛል፤ ሲያፈርስ ያንን ሥዕል ገልብጦ ይሄድበታል። መጀመሪያ ሰርቨሩ፣ ቀጥሎ የቆመበት ንዑስ ኔትወርክ፣ መጨረሻ ላይ ዋናው ኔትወርክ። እርስ በርስ የማይያያዙትን ደግሞ ካልከለከሉት እስከ አሥር ድረስ በአንድ ጊዜ ያጠፋል። ይህንን በድረ ገጹ ላይ በእጁ ሞክሮ «ይህ በሌላ ነገር ተይዟል» እየተባለ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የተንከራተተ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ክፍል ልግባ፤ ረዘም ይላል።

መሣሪያው የሚያውቀው ስቴት ፋይሉ (መዝገብ ያልኩት እርሱ ነው) ላይ ያለውን ብቻ ነው። ኩበርኔቲስ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ስብስብ (ክላስተር) ላይ የሚያስኬድ ሥርዓት፣ የምትጠቀሙ ከሆነ ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። ክላስተሩን ያቆመው ቴራፎርም ነው፤ ሎድ ባላንሰሩን (የሚመጣውን ጥያቄ ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን) እና ተጨማሪ ዲስኮቹን ግን የጠየቀው ክላስተሩ ራሱ ስለሆነ በመዝገቡ ላይ የሉም። ዳስ ጣይ የራሱን ቋሚና ሸራ ነቅሎ ይሄዳል እንጂ ጎረቤት ያመጣውን ምጣድ አይሸከምም። ውጤቱ ግን ከምጣድ ይከፋል፦ ክላስተሩ ይጠፋል፣ ሎድ ባላንሰሩ ኔትወርኩን እንደያዘ ይቀራል፤ ቴራፎርም ኔትወርኩን ለማጥፋት ደጋግሞ እየሞከረ ደቂቃዎች ያቃጥልና በጥገኝነት ስሕተት ይቆማል። መፍትሔው በክላስተሩ ውስጥ ሆነው እነዚህን የጠየቁትን ሰርቪሶችና የዲስክ ጥያቄዎች አስቀድሞ ማጥፋት፣ እስኪጸዱ መጠበቅ፣ ከዚያ ዲስትሮይን መጥራት ነው። እኛ ይህንን ለብቻው በሚሮጥ ትንሽ ስክሪፕት አስቀድመነዋል። የላምዳ ፋንክሽኖች (በአማዞን ላይ ሲጠሩ ብቻ የሚሮጡ ትንንሽ ፕሮግራሞች) የሚተዉት ሎግ፣ ማለትም የሥራ ማስታወሻ፣ እንዲሁ ነው፤ በኮዱ ውስጥ በስሙ ካልተጻፈ ፋንክሽኑ ጠፍቶም እርሱ ይኖራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ፋይል ያለበት የኤስ ስሪ ባኬት (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) በነባሪው አይጠፋም፤ ይህ ጥሩ ነው። «ከነይዘቱ አጥፋው» የሚል ምርጫ አለ። ነገር ግን ምርጫውን በኮዱ ላይ ጽፎ በቀጥታ ወደ ማፍረስ መሄድ አይሠራም፤ በመጀመሪያ በአፕላይ፣ ማለትም ኮዱን በሥራ ላይ በሚያውለው ትእዛዝ፣ አልፎ ስቴቱ ላይ መስፈር አለበት። በአማዞን የሚተዳደረው የአርዲኤስ ዳታቤዝም ከዚሁ ጋር አንድ ነው። የመጨረሻ ስናፕሾት (የዳታው ቅጂ) ስም ካልተሰጠው ወይም ስናፕሾት ሳያነሣ እንዲያልፍ አስቀድሞ ካልተነገረው ማፍረሱ መሐል ላይ ይሰናከላል። ስሕተቱ ሲመጣ ግማሹ አካባቢ ሄዷል፣ ግማሹ ቆሟል።

በየማለዳው መልሶ ለሚገነባ ሰው ደግሞ የቀስታ አጠፋፍ አስቸጋሪ ነው። በሲክሬትስ ማኔጀር፣ በአማዞን የምስጢር ማስቀመጫ፣ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ሲጠፋ ወዲያው አይጠፋም፤ ከ7 እስከ 30 ቀን ለመመለስ ዝግጁ ሆኖ ይቆያል፣ በዚያው ጊዜ ስሙ እንደተያዘ ነው። ጠዋት በያው ስም ልሥራ ሲባል እምቢ ይላል። ለሙከራ አካባቢ የመቆያ ቀኑን ዜሮ ማድረግ ይቻላል። የኬኤምኤስ ቁልፍ (ዳታ የሚመሰጠርበት) ግን ከ7 ቀን በታች አይወርድም፤ ስለዚህ ቁልፎቹን በየቀኑ ከሚፈርሰው ኮድ አውጥተን ለብቻ አስቀምጠናቸዋል።

ስለ መከላከያዎቹ ያለኝ አስተያየት ቅዝቅዝ ያለ ነው። «ፕሪቨንት ዲስትሮይ» የሚባለው መስመር አንድን ነገር ሊያጠፋ የሚሞክርን ዕቅድ ያስቆማል። ቀዳዳው ግን ሰፊ ነው፦ ያንን ነገር የሚገልጸው የኮድ ክፍል ከነመከላከያው ከተሰረዘ መከላከያውም አብሮ ተሰርዟልና ቴራፎርም ለማጥፋት አያመነታም። በዳታቤዝ ላይ ለዚህ መስመር ብቻ አደራ የሚሰጥ ሰው ደፋር ነው። ከክላውዱ በኩል ያለው ዲሊሽን ፕሮቴክሽን፣ ማለትም ከመጥፋት የሚከላከለው ማብሪያ፣ እንዲሠራ መደረግ አለበት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ የእውነተኛ ደንበኞች ዳታ ያለበት ነገር ሁሉ በየምሽቱ ከሚፈርሰው የተለየ ስቴት ሊኖረው ይገባል። የአማዞኑ ተመሳሳይ መሣሪያ ክላውድፎርሜሽን አንድን ስታክ (አብሮ የተገነባ ስብስብ) በሙሉ ከመጥፋት የሚከላከል ቁልፍ አለው፤ በቴራፎርም የትእዛዝ መስመር ላይ ተመሳሳዩን ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር። ሳይጠፋ ከመዝገቡ ብቻ እንዲወጣ የሚፈለገውን ነገር ከ1.7 እትም ወዲህ በኮዱ ላይ «ሪሙቭድ» ብሎ መግለጽ ይቻላል፤ ይህ ጥሩ ጭማሪ ነው።

የኢንተርኔት መቆራረጥን ለሚያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ላክል። ማፍረሱ በመካከል ከተቋረጠ የጠፋው ጠፍቷል፣ የቀረው በስቴቱ ላይ አለ፤ ትእዛዙን እንደገና መስጠት በቂ ይሆናል። ሆኖም ስቴቱ እንደተቆለፈ ሊቀር ይችላል፤ ያን ጊዜ ሌላ ሰው እየሠራበት አለመሆኑን አረጋግጦ ፎርስ አንሎክ በሚባለው ትእዛዝ መክፈት ነው። ስቴቱን ወደ ርቀት ማከማቻው መጻፍ ካቃተው ደግሞ «ኤረርድ» የሚል ስም ያለው ፋይል በኮምፒውተሩ ላይ ይተዋል። ያንን ፋይል ቆሻሻ ነው ብሎ መደምሰስ ትልቅ ጥፋት ነው፤ መስመሩ ሲመለስ ወደ ማከማቻው መገፋት ያለበት እርሱ ነው። እኛ በመጨረሻ ማፍረሱን ከላፕቶፕ አውጥተን ክላውድ ላይ በሚሮጥ ማሽን አስደረግነው፤ ከዚያ ወዲህ ለዚህ ጣጣ የሚሆን ጊዜ አላጠፋሁም።

ባለቤቱን በተመለከተ፦ የሠራው ሃሺኮርፕ ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. የአጠቃቀም ፈቃዱን ሲያጠብቅ ኦፕንቶፉ የሚባል ነፃ ቅጂ ተወለደ፤ ሃሺኮርፕን ደግሞ አይቢኤም በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለራሱ ሥራ ለሚጠቀም እንደ እኛ ላለ ቡድን ለውጡ አይታወቅም። የማፍረሻ ትእዛዞቹ በኦፕንቶፉም ያው ናቸው፤ እርሱ ስቴቱን ማመስጠርን ከ1.7 እትሙ ጀምሮ ስለሚያካትት፣ በስቴት ውስጥ የይለፍ ቃል በግልጽ መቀመጡ ለሚያስፈራው ሰው እርሱን እመርጥለታለሁ።

ለሙከራና ለጊዜያዊ አካባቢ ያለማመንታት ይውሰዱት። ዳታ ላለበት ቦታ ግን የማፍረስ ፈቃዱ ለጥቂት ሰው ብቻ ይሁን። ከዚህ ሌላ አንድ ልማድ አለኝ፦ ቴራፎርም በሚሠራው ነገር ሁሉ ላይ የፕሮጀክቱ መለያ በራሱ እንዲለጠፍ አድርጌአለሁ፤ በወሩ መጨረሻ ሂሳቡን በመለያ ከፋፍዬ ሳይ መለያ በሌለው መስመር ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ኩበርኔቲስ ጠይቆት የተረሳ ዲስክ ነው።