ለወንዝ ሸለቆ የጠጠር መንገድ የትኛው ይሻላል? ግራቭል፣ ማውንቴን እና ኮርሳ ብስክሌት በንጽጽር

መኪና በማይበዛበት የወንዝ ሸለቆ መንገድ ለመንዳት ብስክሌት የሚፈልግ ገዢ ብዙውን ጊዜ ምርጫውን የሚጀምረው ከስም ነው፤ «ግራቭል ልግዛ ወይስ ማውንቴን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግራቭል ማለት መሪው ወደ ታች የታጠፈ የጠጠር መንገድ ብስክሌት፣ ማውንቴን ደግሞ ቀጥ ያለ መሪና ሰፊ ጎማ ያለው የተራራ ብስክሌት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ስሙ ከመነሳቱ በፊት ሁለት ቁጥሮች መታወቅ አለባቸው። አንደኛው ቴላዮው (የብስክሌቱ አጽም) ሊያስገባ የሚችለው የጎማ ስፋት ሲሆን ሁለተኛው የብስክሌቱ በጣም ቀላል ማርሽ ነው። በእነዚህ ሁለቱ የሚያንስ ብስክሌት ቢቀል፣ ቢያምር፣ ስሙም ቢገን በሸለቆ ውስጥ ባለቤቱን በእግሩ ያስኬደዋል።

ምክንያቱ ያለው በመሬቱ ላይ ነው። በሸለቆው ሜዳ ወንዙን ተከትሎ የሚሄደው መንገድ የሚለብሰው ጠጠር ውኃ ሲያንከባልለው የኖረ በመሆኑ ድቡልቡልና ልሙጥ ነው፤ ጎማ አይቆርጥም፣ ነገር ግን እንደተዘራ ባቄላ ከሥር እየተንሸራተተ ይሸሻል። ሙላት ካለፈ በኋላ ደግሞ ደለል ስለሚያለብሰው ላዩ ደረቅ መስሎ ውስጡ ለስላሳ ይሆናል። ከወንዙ ርቆ ወደ ሸለቆው ጫፍ በሚወጣው ዳገት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከካባ የወጣ፣ ጠርዙ የሰላ የተፈጨ ድንጋይ ነው። የግራቭል ብስክሌትን ካስተዋወቁት ውድድሮች ዋነኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት በኤምፖሪያ ከተማ የተጀመረውና ዛሬ አንባውንድ ግራቭል የሚባለው፣ የሚካሄደው ስማቸውን ከባልጩት ድንጋይ ባገኙት የፍሊንት ሂልስ ኮረብታዎች ላይ ነው። በዚያ መሬት ጎኑ የተጠናከረ ጎማ ግድ ይላል፤ መንገዱ በአብዛኛው በወንዝ ጠጠር ላይ ለሆነ ሰው ግን ከጎማው ጥንካሬ ይልቅ ስፋቱና የአየሩ ልክ ይበልጣሉ።

ስለ ኮርሳ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ከ7 እስከ 9 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ በአስፋልት ላይ የሚበር ብስክሌት ነው፤ ይሁን እንጂ 28 ሚሊሜትር የሆነው የተለመደ ጎማው ወደ 5 ባር (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የሚጠጋ አየር ስለሚፈልግ እያንዳንዱን ድንጋይ ወደ እጅና ወደ ወገብ ያደርሳል። ለረጅም ጉዞ ተብለው ከሚሠሩት ኮርሳዎች አንዳንዶቹ 35 ወይም 38 ሚሊሜትር ጎማ ያስገባሉ። መንገዱ ከአራት እጅ ሦስቱ አስፋልት፣ ቀሪውም በደንብ የተጠቀጠቀ ፒስታ ለሆነበት ሰው እነዚህ ይበቃሉ፤ ለሌላው አይበቁም።

እውነተኛው ምርጫ ያለው በግራቭልና ከፊት ብቻ አሞርዛተር ባለው ማውንቴን መካከል ነው። ሙላት በጎደለ በሁለተኛው ሳምንት በ38 ሚሊሜትር የግራቭል ጎማ በወንዝ ዳር ስሄድ የፊት ጎማዬ ደለሉን ሰንጥቆ ገባና መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ሲል እግሬን ተከልሁ። ከኋላዬ በማውንቴን የመጣው ጓደኛዬ ፔዳል መምታቱን እንኳ ሳያቋርጥ አለፈኝ፤ የእሱ ጎማ 57 ሚሊሜትር ነበር፣ አየሩም ከ1.6 ባር አይበልጥም። ይሁን እንጂ ከደለሉ ወጥተን በጠንካራው መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በነፋስ ፊት ስንነዳ ወደ ኋላ የሚቀረው እሱ ሆነ። ቀጥ ያለው መሪ ደረቱን ለነፋስ ይሰጠዋል፣ እጁንም ከአንድ ቦታ ውጭ አያሳርፍለትም። ወደ ታች የታጠፈው የግራቭል መሪ ግን ቢያንስ ሦስት የእጅ ማሳረፊያ አለው፤ ይህ ጥቅም የሚታወቀው በአራተኛው ሰዓት ላይ ነው።

በዳገት ላይ ደግሞ ማርሽ ይፈርዳል። የፊቱ ጥርስ ብዛት 40፣ የትልቁ የኋላ ማርሽ ጥርስ ብዛት 42 የሆነ፣ 45 ሚሊሜትር ጎማ የለበሰ ግራቭል በአንድ የፔዳል ዙር 2.1 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በደቂቃ 60 ጊዜ ለማሽከርከር በሰዓት 7.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መያዝ አለብዎት ማለት ነው። የፊቱ 32፣ የኋላው 51 የሆነ ማውንቴን ግን በአንድ ዙር ወደ 1.45 ሜትር ብቻ ስለሚሄድ ያንኑ የእግር ፍጥነት በሰዓት 5.2 ኪሎ ሜትር ያስጠብቃል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ቀጥ ባለና ጠጠሩ በሚንሸራተት ዳገት ላይ ግን አንዱ ተቀምጦ ሲወጣ ሌላው ወርዶ ይገፋል። የሚገርመው፣ 34 በ34 ጥርስ ያለው ኮርሳም በአንድ ዙር የሚሄደው ከላይ እንደተጠቀሰው ግራቭል 2.1 ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ግራቭል የሚል ስም ብቻውን ዳገት አያወጣም። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ባቀረበው ጂአርኤክስ በሚባለው ባለ 12 ማርሽ የግራቭል ዕቃ የኋላው ጥርስ እስከ 51 የሚደርስበት ምርጫ ስላለ ግራቭል የሚገዛ የሸለቆ ሰው ይህንን ወይም እኩያውን ቢጠይቅ እመክራለሁ።

ከግራቭሎችም መካከል ልዩነት አለ። ካንየን ግሪዝል 50 ሚሊሜትር ጎማ በማስገባቱ ለደለልና ለልቅ ጠጠር ይስማማል። ስፔሻላይዝድ ዳይቨርጅ በአብዛኞቹ ሞዴሎቹ ከመሪው ሥር 20 ሚሊሜትር የሚሠራ ሞላ አለው፤ እጁ ለሚደነዝዝበት ሰው ይረዳል። የካርቦኑ ካኖንዴል ቶፕስቶን ደግሞ ኮርቻው ሥር እስከ 30 ሚሊሜትር የሚለጠጥ አሠራር አለው። እኔ ብሆን ሰፊውን ጎማ ከሁለቱም አስቀድም ነበር፤ የሚበላሽ መገጣጠሚያ የለውም፣ ቅባትም አይጠይቅም።

የማስታወቂያውን ቁጥር ግን በጥርጣሬ ማንበብ ይገባል። «45 ይገባል» ብሎ ከዚህ በፊት ብስክሌት የሸጠልኝ ሰው አልዋሸም፤ ጎማው በእርግጥ ገብቷል፣ ነገር ግን በግራና በቀኝ የቀረው ክፍተት ከክብሪት እንጨት ውፍረት አይበልጥም ነበር። በመጀመሪያው ጭቃ ላይ አሸዋው ከጎማው ጋር እየዞረ የቴላዮውን ቀለም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቆ እስከ ብረቱ ድረስ አወጣው። በጭቃ የሚነዳ ሰው በእያንዳንዱ ጎን 6 ሚሊሜትር ያህል ሊተርፈው ይገባል፤ ስለዚህ 50 የሚያስገባ ቴላዮ ገዝቶ 45 ማልበስ ጥሩ ልማድ ነው።

ቱብለስ፣ ማለትም የውስጥ ጎማ የሌለው ጎማ፣ ተመራጭ ነው፤ አየሩን ማሳነስ ያስችላል፣ ትንንሽ ቀዳዳዎችንም ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወዲያው ይደፍናል። ፈሳሹ ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚደርቅ መጨመር አለበት፤ ይህን የማያደርግ ሰው የውስጥ ጎማ ቢይዝ ይሻለዋል። ለ75 ኪሎ ሰው በ45 ሚሊሜትር ጎማ 2 ባር አካባቢ ጥሩ መነሻ ሲሆን የኋላው ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይላል። ፍሬኑ የዲስክ ይሁን፤ በረጠበ ደለል የተለበጠ ቸርኬ በላስቲክ ፍሬን በአግባቡ አይያዝም።

እንግዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነዳ፣ መንገዱም ወደ አስፋልት የሚያስወጣው ሰው ቢያንስ 45 ሚሊሜትር ጎማና ከፊቱ ጥርስ የሚበልጥ የኋላ ጥርስ ያለው ግራቭል ይግዛ። ከወንዙ ዳር የማይርቅ፣ በደለልና በድቡልቡል ድንጋይ ላይ በእርጋታ ውሎ የሚመለስ ሰው ግን ሻጩ ምንም ቢለው ማውንቴኑን ይውሰድ። ለመግዛት ሲሄድም መለኪያ ይዞ ይሂድና ጎማው ከቴላዮውና ከፊት ሹካው ጋር ያለውን ክፍተት ራሱ ይለካ።